ደም መመለስ

ጎህ ሳይቀድ ነው የምገባው፣ ቁርስ ሳይቀርብላቸው፣
በባዶ ሆዳቸው
እጃቸውን ዘርግቼ ደም የምቀዳቸው።
ጎማ አስሬ፣ በጣት ዳብሼ፣ ሥር እፈልጋለሁ፣
"ቆንጠጥ ታደርጋለች፣ ትንሽ ናት" እላለሁ።
መስኮቱ ማዶ ጣና ተኝቷል፣ እምቦጭ ለብሶ እንደ ማሳ፣
አንድ የሞተር ጀልባ ያስላል፣ ያስላል፣ አይነሳ።

ደም በኛ ቋንቋ ብዙ ነው፦
ደመ ግቡ የሚባል አለ፣ ደመ መራራም አለ፣
በደመ ነፍስ የሮጠ፣ ደመ ከልብ የሆነ፣ ደሙ ፈልቶ የዋለ።
ማሽኔ ይህን አያነብም።
ስኳር ያውቃል፣ ስብ ያውቃል፣ የነጭ ሕዋስ ቆጠራ፣
አንድ ደግሞ አለ፣ "ሲ አር ፒ" ተብሎ የሚጠራ፣
ውስጥ ሲቆጣ የሚጨምር።
ሐኪሞቹ "ብግነት" ይሉታል። እኔ ቃሉን ስሰማው
ትዝ የምትለኝ እናቴ ናት፣ "በገንኩ" ስትል በጨለማው።
ከአምስት በታች ደህና ነው። ከአምስት በላይ ሲሆን
ለምን እንደሆነ ገና ነን፤ ጥናቱም የሚጠይቀው ይህን።
ቱቦዎቹን አሽከረክራለሁ፤ ቀዩ ይዘቅጣል፣
ቢጫው ከላይ ጠርቶ፣ ዝም ብሎ ይቀራል።

ቱቦ አስራ ሰባት፦ እንዳላማው፤ ታንኳ ሠሪ፣ ከወራሚት።
ሦስት ወር ጸበል ቆይቶ ነው የመጣው፣
በጠፍር ታስሮ፣ በባጃጅ፣ ዝናብ በጣለበት ሌሊት።
እናቱ ወይዘሮ አንጓች ኮሪደር ላይ ያዘችኝ፣
ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦
"ወረቀቱ ላይ ዘር ይጻፋል እንዴ፣ ልጄ?
እህቱን ሊጠይቁ ለጥር ሽማግሎች ይመጣሉ ከደጄ።
በደማችን የለም ይሄ፣ ሰባት ቤት ብትቆጥሪ።"
"ቁጥር ብቻ ነው፣ እማማ፤ ስም እንኳ የለውም።"
"ቁጥርም አፍ አለው" ብላ ሄደች።

እሱ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው፦
"ደሜን መቼ ትመልሺልኛለሽ?"
ሳቅኩ። በኛ አገር ደም የሚመልስ ወንድም ነው፣ ወይ ልጅ፣
ጥይት ቆጥሮ፣ ዓመት ቆጥሮ፣ አድፍጦ ከጠላት ደጅ።
እሱ አልሳቀም። "አራት ቱቦ ወሰድሽ። ቆጥሬአለሁ።
አንዱ ውስጥ ምን እንደነበር እስካሁን እጠብቃለሁ።"

ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ደም አስፈለገ።
ዘበኛው ሰጠ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠች፤ ሰው ጎደለ።
እኔም ጎማውን በጥርሴ ስቤ የግራ ክንዴን ወጋሁት፣
"ጤነኛ፣ ቁጥር ሦስት" ብዬ ቱቦው ላይ ጻፍኩበት።
ማታ መብራት ሄዶ፣ ጄነሬተሩ እየጮኸ፣ ውጤቱ ወጣ፦
የእንዳላማው አስራ ዘጠኝ።
የጤነኛዋ አስራ አንድ።
ደገምኩት። አስራ አንድ።
ጥርሴ ይሆናል፣ አልኩ፤ የታመመ ጥርስ አለኝ።
ሌላ ምክንያት ሳልፈልግ ወረቀቱን አጠፍኩት።

ደንቡ ውጤት ለአጥኚ እንጂ ለታማሚ አይሰጥም ይላል።
ማክሰኞ አልጋው አጠገብ ቆምኩ።
"አስራ ዘጠኝ" አልኩት።
አሰበ። "እስር ነው?"
"የምን እስር?"
"የደንገል። አስራ ዘጠኝ እስር ታንኳ ይወጣዋል፣
አንድ ሰው ከነመረቡ፣ አንድ ቅርጫት ቀረሶ ይችላል።
ያንቺስ?"
ማንም አልነገረውም።
"አስራ አንድ።"
"አነሰች" አለ፣ አዘነልኝ። "ልጅ እንኳ አትሸከም።"
ወደ መስኮቱ ዞሮ ብዙ ቆየ። ከዚያ፦
"ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ተሰበረ ይላሉ የማያውቁ።
አልተሰበረም። ዳር ያውጡት፣ ጀርባውን ለፀሐይ ይስጡት፣
ያቁሙትና ይጠብቁ።"

ነርሷን አስፈቀድኩ።
ግቢው ውስጥ፣ ከዘንባባው ጥላ ወጣ ብሎ፣ አንድ አግዳሚ አለ።
ጀርባችንን ሰጠን።
ያ ጀልባ ዛሬም ያስላል።