ማረፊያ

የቶኩዞ እርሻ ባሕር ላይ ነበር፣
አጥር ያልታጠረ፣ ድንጋይ ያልቆመበት፣ የሌለው ድንበር።
የተራራውን ጫፍ ከመቅደሱ ጥድ ጋር በዐይኑ አሰልፎ፣
“እዚህ ነው” ይል ነበር፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መቅዘፊያ አሳርፎ።
ከዚያም ማሰሮዎች፣ ባንድ ገመድ ታስረው እንደ ዶቃ ፈትል፣
አንድ ባንድ ይሰምጣሉ፣ ከጀልባው ጫፍ ወርደው በጨለማው ማህል።
ኦክቶፐስ መኝታ ፍለጋ ሲወጣ፣ ሌሊት ሲንከራተት፣
ባዶ ቤት ያገኛል፤ ይገባል፤ ይተኛል፤
አይጠይቅም፦ ማን ነው ይህን ቤት በነጻ የሠራለት?

አንድ ማለዳ ምድር፣ ሃያ ሰከንድ ብቻ፣ ትከሻዋን ሰበቀች።
የቶኩዞ ሚስት፣ ኪኑዌ፣ ሩዝ ልታጥብ ተነሥታ፣
ሳህኑን እንደያዘች ቀረች።

ለተረፈው ሰው ቆርቆሮ ቤት ታደለ፤ የሱ ቁጥር ዐሥራ አራት፣
ሙቀት ሲመጣ የሚያነድ፣ ብርድ ሲመጣ የሚያንዘፈዝፍ፣
የጎረቤት ሳል እንደ ራስ ሳል የሚሰማበት።
“ለጊዜው ነው” አሉት።
ጊዜው አምስት ዓመት ሆነ።

በዚያው ሰሞን ነበር አለቆቼ በማዘጋጃ ቤት ካርታ የዘረጉት፣
ከባሕሩ መሀል፣ ባራት ማዕዘን ቅርጽ፣ ነጭ ወረቀት ቆርጠው የለጠፉት።
“ማረፊያ እንሠራለን” አሉ።
እኔ የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ፣ ሻይ ላቀርብ ገብቼ፣ ከበሩ ሥር ቆሜ፣
ስለ ቆርቆሮ ቤቱ መስሎኝ ደስ አለኝ፤
ይቅር ይበለኝ ዕድሜ።

ሕዝቡ ፊርማ ለቀመ። በባቡር ጣቢያው፣ በመታጠቢያ ቤቱ በር፣
ዝናብ ያራሰው ወረቀት ማታ ማታ በፀጉር ማድረቂያ ይደርቅ ነበር።
“ይቅር” አላሉም እኮ፤ “ጠይቁን” ነው ያሉት፤
“ባሕሩ ይሞላ፣ አይሞላ፣ እኛን ጠይቁን።”
የቆጠርሁት እኔ ነኝ፦ ስልሳ ሁለት ካርቶን፣ ዐሥራ ሰባት ሌሊት።
አንድ ገጽ ላይ የቶኩዞን ስም አገኘሁ፣
ከጎኑ ቀይ ማኅተም፣ ትንሽ የተንጋደደች፤
ከሥሩ፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ፦ ኪኑዌ።
ደንቡ “የሞተ ይሰረዝ” ይላል። ማስመሪያ አምጥቼ ሰረዝሁት።
የቀሩትን ሁሉ ምክር ቤቱ ባንድ ከሰዓት ሰረዘ።

ተራራው ተቆረጠ። በማጓጓዣ ቀበቶ፣ ከመሬት ውስጥ ለውስጥ፣
ሌት ተቀን ፈሰሰ፣ ሌት ተቀን ወረደ፣ ባሕር እስኪውጠው ድረስ።
ቶኩዞ ጀልባውን አቁሞ ዐይኑን ቢያንከራትት፣ የሚያሰልፈው አጣ፤
ጥዱ ብቻውን ቀርቷል፤
ምልክቱ ራሱ፣ ከቦታው ተነሥቶ፣ እርሻው ላይ ወጣ።

አሁን በቀን ስድስት በረራ አለ፤ ነፋስ ሲበረታ ሁለት።
ወንበሮቹ ያምራሉ፣ መስኮቱ ይወለወላል፣ ዕዳው ገና አልተቆጠረለት።
ሐሰት አልናገርም፤ ባለፈው ጥር ባንድ የበረዶ ሣጥን ኩላሊት መጥቶ
አንድ ልጅ ድኖበታል። እሱንም መዝግቤያለሁ።
ሚሆኮ፣ የቶኩዞ ልጅ፣ እዚያ ሻንጣ ትመዝናለች።
“ደሞዝ ነው” ትላለች፣ ሳልጠይቃት።
አባቷ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ ስልኬ ጮኸ። “አረፈ” አለች።
ከኋላዋ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ፣ የማለዳውን በረራ ቁጥር ጠርቶ፣
“አሁን አርፏል” ይላል፣ እየደጋገመ።
ለአፍታ፣ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ።

መሐንዲሶቹ በየዓመቱ ይለካሉ፤ ደሴቱ አንድ ጣት፣ አንዳንዴም አንድ ተኩል፣
ወደ ታች ይሄዳል። “ከክብደቱ ነው” ይላሉ፣ “የታሰበ ነገር ነው”።
ከሥሩ ማሰሮዎቹ አሉ፣ ገመዳቸው የተቆረጠ፤
ያደሩባቸውም እንዳደሩ።

ትናንት ደብዳቤ ደረሰን፦ ዘመኑ ያለፈ ሰነድ ይቃጠል።
ካርቶኖቹን ስቆጥር፣ ያንን ገጽ አወጣሁት።
መስመሬ አልደበዘዘም፤ በማስመሪያ የሰመርሁት፣ ቀጥ ያለ።
ከመስመሩ ሥር ስሟ ይነበባል።