ፍጥነት፦ ዜሮ

ቫይዶታስ ጡረታውን ለጨርቅ ክንፍ ሰጠ፤
ሞተሩን ከጀርባው አዝሎ ከፊት ተቀመጠ።
ሦስት ጎማ፣ አንድ ወንበር፣ ጥቂት ሽቦ፣ ቱቦ፤
ስንት ክረምት ከረመ ይህንኑ አስቦ።

ትራክተር ሲጠግን የጠቆረው ጣቱ
ብሎን ይቆጥራል ዛሬ ሳይነጋ ሌሊቱ፤
የክንፉን ስፌት ዳብሶ፣ ካንዴላውን አይቶ፣
ከሜዳው የተኙትን ላሞች አስወጥቶ
ተነሣ።

እኔ ከደጅ ቆሜ ሬዲዮ ይዣለሁ።
«ዳንጉኦሌ፣ አለሽ?»
«አለሁ፣ አንተ፣ አለሁ።»

ከባልቲክ የመጣ የመስከረም ነፋስ
ፊት ለፊት ገጠመው ድንቹ ማሳ ሲደርስ።
ሞተሩ ይጮኻል፣ ክንፉ ይርበተበታል፤
እሱ ግን ገመድ ላይ እንደ ተሰጣ ሸሚዝ
ቆሟል።

ብሮኒዩስ አካፋውን ተደግፎ ቀና አለ፤
«ተበላሸበት እንዴ? ሰውዬው ተሰቀለ!»

«ጂፒኤሱ ዜሮ ይላል» አለኝ፤ ሳቁ አፈነው።
«ጣራችን ይታየኛል። ሸክላው የወለቀው
ከአራተኛው ረድፍ ነው፣ ከጭስ ማውጫው ግራ።»
መሰላል ውጣ እያልኩ ሦስት ዓመት ስጣራ!

«እንግዲያ ውረድና ጠግነው» አልኩት።

«ቆይ፣ ትንሽ» አለኝ፤
ነዳጁ ጥቂት ጠብታ እስኪቀረው ድረስ፣
አንድ ስንዝር እንኳ ወዲያ ሳይል፣
በረረ።