አምስት ጣሳ

እትዬ ዲንቂቱ ቤታቸውን ለቀው፣
ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፣ በቆጂ ጠቅልለው።
አልጋና ቁም ሣጥን አይሱዙ ላይ ወጣ፤
አምስት የዘይት ጣሳ ወደ'ኔ ቤት መጣ።

«እዚያ ውርጭ ይጥላል፤ ጀራኒየም ብርድ አይችልም፣
አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ጠዋት
የተቀቀለ ጎመን ነው።

ውሃ አታብዛበት፤ ጣትህን ክተትና
እስከ አንጓህ ካልደረቀ፣ ተወው፣ ገና።
ያዳማን ነፋስ ታውቃለህ፣ በሽቦ እሰረው፤
የጠወለገ አበባ ስታይ ቀንጥበው።»
በግራሶ የጠቆረ ጣቴን አይተው ሳቁ።
መኪናው ሲነሣ ወደ ላይ አንጋጠው
በረንዳዬን ቆጠሩ፦
ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሮዝ፣ አንድ ነጭ።

አዳማ ነው እንግዲህ፣ ውሃ በወረፋ፤
ማክሰኞ ሌሊት ነው ቧንቧው የሚያንኮራፋ።
እነሣለሁ በባትሪ ጀሪካን ልሞላ፤
ፊተኛው ለእነሱ፣ ለእኔ በኋላ።
ቀን ባጃጅ ስነዳ ሲጠብሰኝ አየሩ፣
የእነሱ ጥም ይመስለኛል፤ ካለፍኩ በሰፈሩ
አራት ፎቅ ወጥቼ ደግሜ አጠጣለሁ።
ጣቴን ግን አልከተትኩም።

ሰኔ ሲገባ የሦስቱ አገዳ ከሥሩ ጠቆረ፤
ስነካው ሟሸሸ፤ የኩሬ ሽታ ነበረው።
በዚያው ሰሞን ደወሉ።
«እንዴት ናቸው?»
«ደኅና ናቸው» አልኩ፣ «ነጩም አብቧል።»
ነጩን የጣልኩት በዚያው ጠዋት ነበር።

ሶሬሳ የሚባል ችግኝ ሻጭ ልጅ፣
ከወንጂ መንገድ ዳር አሳፍሬው፣ ሒሳብ ጎደለውና
በምክር ሞላልኝ።
«ከደኅናው ቁረጥ፣ ከአንጓው ዝቅ ብለህ።
ወዲያው ግን አትትከል።
ጥላ ላይ አስተኛው፣ ቁስሉ ይድረቅለት፤
እርጥብ ቁስል አፈር ሲያገኝ ይበሰብሳል።»

ቢላዋ ይዤ ብዙ ቆምኩ።
ከተረፈው ላይ መቁረጥ ስርቆት ስርቆት አለኝ።
ሦስት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ አጋደምኩ፣
ሁለት ሌሊት ጠበቅኩ፣ ከዚያ ተከልኩ።
ከሁሉ የከበደኝ ማክሰኞ ነበር፤
ቧንቧው ሲያንኮራፋ ሰምቶ መተኛት።

ኅዳር ላይ ነን አሁን፤ ጣሳውም አምስት ነው።
ነፋሱ ሲመጣ ሽቦው ይጮኻል።
እትዬ ለጥምቀት እመጣለሁ ብለዋል፤
ደረጃ ሳይወጡ፣ ከታች ያውቃሉ፦
አምስቱም ቀይ ነው።

ትናንት ማታ ስልኩን አነሣሁ፣
ስማቸው ላይ ቆየሁ።
ከዚያ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩ፣ እስከ አንጓዬ።
እርጥብ ነው።
ገና።