ሁለተኛው አፍ

ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ደብረ ብርሃን ነኝ።
የማውቀው ውሃ በረሳ ነው፣ ክረምት ገብቶ ሲቆጣ፤
የማውቀው ውሃ ካባው ነው፣ ድንጋዩ ተፈልጦ አልቆ
ጉድጓዱ ዝናብ የጠጣ።

ካባ መባሉ ይገርመኛል፤
ሙሽራ የሚደርበው ነገር ይመስላል።
አምና ሐምሌ ጥሩነህ ለበሰው፤
ሦስት ቀን ሙሉ የሚያወልቅለት ሰው
አልተገኘም።

ገመድ ጣልን፣ መንጠቆ ጣልን፣
ለቅሶውን ከውሃው ዳር ተቀመጥን።
ጠላቂዎች ከአዲስ አበባ መጥተው በሃያ ደቂቃ አወጡት።
ሰው ሁሉ ሬሳውን ሲያይ፣ እኔ ዓይኔን የተከልኩት
አንደኛው ጠላቂ አፍ ውስጥ ባለች ጥቁር ጎማ ነበር፤
በእሷ ተንፍሶ ተመለሰ፣ ሰው ከማይተነፍስበት አገር።

እቁቤ በጥር ወጣልኝ።
የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የማታ ፈረቃ፤ ሌላውን አትጠይቁኝ።
ትምህርቱን ቢሾፍቱ ጨርሻለሁ፣ በሰው ዕቃ፣ በሰው ቱቦ፣
የሌላ ሰው ጥርስ ባረፈበት መንከሻ፤
አሁን የራሴን ፈለግሁ።

ሁለት ዕቃ በካርቶን ተላከልኝ፤ «አንዱን መርጠሽ አንዱን መልሺ።»
አንዱ ቀላል፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጅቡቲ በኩል የመጣ፤
ሌላው ናስ፣ ከባድ፣ ያገለገለ፣ ከጠርዙ ቀለሙ የወጣ።
ልቤ ለቆንጆው አደላ፤ ማንስ ቢሆን?

ጋሽ ወንድይፍራው ዘንድ ወሰድኳቸው።
ሠላሳ ዓመት ብረት በይዷል፤ ባሕር እሱም አያውቅም፤
የታመቀ ጋዝ ግን ያውቃል፤ በጋዝ ነገር አይሸወድም።
«የት ነው የምትወርጂበት?» አለኝ፣ ዋጋውን ሳይጠይቅ።
«ካባው ውስጥ።»
«መቼ?»
«በተጠራሁ ጊዜ።»
ተነሣና የብየዳውን ካርቦን ከፈተ፤
የመቆጣጠሪያው ራስ ጤዛ ያዘ፣ ቆይቶ ነጭ ውርጭ አበቀለ።
«የታመቀ ሲፈታ ይበርዳል፤ ይኸው ነው የጋዝ ጠባዩ።
ያንቺም ያው ነው፤ የካባው ውሃ ደግሞ አለ በላዩ።
ይኼ ቆንጆው ሆዱ ክፍት ነው፤ ውሃ ሞላው ድረስ ይዘልቃል፤
ከበረደው ክፍቱን ይደርቃል፣ አየርሽ አረፋ ሆኖ ያልቃል።
ናሱ ግን ሽፋን ደርቧል፤ ሞላው ውሃ አያገኘውም።
ቆንጆው ሸዋ ሮቢት ይዋኝ፤ ጣርማ በርን ግን አይሻገርም።»
ቀጥሎም ናሱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠ፣
ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ።
«ጎማው ሲያረጅ መለወጫ ይገኛል?»
«አዲስ አበባ፣ ዓመት ባመት።»
«እንግዲያ ውሰጂው።»

ሒሳቡ ላይ ቢጫው ቱቦ ቀረ፤
ከጎን የሚንጠለጠል ሁለተኛ አፍ፣ ለብቻው የሚሸጥ።
«እሱ ይቅርብኝ» አልኩ። «እኔን የሚጠብቀኝ ሰው
ትንፋሹን ጨርሷል፤ አፍ ምን ያደርግለታል?»

ጋሽ ወንድይፍራው መነጽሩን አወለቀ፤
ጠረገ፤ መልሶ አደረገ፤ ምንም አላለም።
ከሲሊንደሩ ኋላ፣ በዘይት ጨርቅ እጁን የሚጠርገው ምንተስኖት፣
ያኔ ገመዱን ይዞ ሦስት ቀን ያልተቀመጠው፣ የጥሩነህ ታናሽ፣
«ብቻሽን ነው እንዴ የምትወርጂው?» አለኝ።

የፋሲካ ጫማዬን ሒሳብ ጨምሬ ቢጫውን ገዛሁ።

እሑድ ጠዋት ጋራዡ ጓሮ፣ በርሜሉ ላይ
ስስ መስታወት ሠርቶ አድሯል፤ በመዶሻ እጀታ ሰበርነው።
ፊቴን ነከርኩ። ግንባሬን እንደ ምላጭ በላኝ።
ሲገባ ያንሾካሹካል፤ ሲወጣ እንደ ሽሮ ይንተከተካል፤
ናሱ አልደረቀም፣ አልለቀቀም፤ በጠየቅኩት ልክ ሰጠኝ።

ምንተስኖት ቢጫውን አፉ ውስጥ ከተተ፤
በርሜሉ ለሁለት ራስ ይጠባል፤ ጆሮው ከጆሮዬ ተላተመ።
ከላይ ጋሽ ወንድይፍራው የግፊቱን መርፌ እያነበበ
«መቶ ሰማንያ! ... መቶ ሰባ አምስት!» ይላል፤
ብር መስሎኝ ደነገጥኩ።