ብርማው

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
ሙዘይን ፍሪጅ ይሸጣል፤ ምላሱ ማር ነው አሉን።
«ብርማው እኮ አለፈበት፤ ዘንድሮ ጥቁር ነው፤
ቪላ የሠራው ሁሉ የሚወስደው ይኼን ነው፤»
አለና ዳበሰው በሩን፣ እንደ በቅሎ አንገት።
እልፍነሽ ዋጋውን አየች። እኔ አየሁ ወደ መሬት።

በያጅ ነኝ። አያት ጨፌ፣ የሰው ደረጃ ላይ፣
ስቴንለስ ሳሽ እውላለሁ፣ ፊቴን በውስጡ እስካይ።
ጥፍሬ ሥር የገባው ብናኝ በሳሙና አይለቅም፤
«አለፈበት» ሲል ታዲያ
ስለ ብረቱ ብቻ አልመሰለኝም።

እሷ በበኩሏ፦ «የጣት አሻራ ይይዛል፤
የእህቴ ልጆች ሲመጡ በሩ ካርታ ይሆናል።
ነጩስ?»
«ነጩ ይበልዛል።»
«ግራጫውስ?»
«አልቋል።»
የዕቁቡ ብር በቦርሳዋ ሦስቴ ተቆጥሯል።

ጥግ ላይ አንድ ብርማ አለ፣ ጎኑ የተጫረ፣
ዋጋው በእስኪርቢቶ የተሞነጫጨረ።
በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፤ ጭረቱ ጥልቅ አይደለም፤
በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ፣ ነበረ እንኳ አይባልም።
ዝም አልኩ።
ዝምታዬን ታውቀዋለች፤ «በሉ ይኼው ይሁን» አለች።

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍት የሚባል የለም፤
አራት ወዛደር አወጣው፣ እየተሳደበም እየሳቀም።

ማታ መብራት ጠፋ። ሽሮና ዳቦ ከተትንበት።
አንድ ሻማ ለኮስን፤
በሩ ላይ ሌላ በራበት፣
የወዛደሮቹን መዳፍ፣ የላባቸውን ወዝ እያሳየ።
እልፍነሽ ጨርቅ አነሳች።
መልሳ አስቀመጠች። ሳቀች፦

«ጥቁሩን ገዝተን ቢሆን
በዚህ ጨለማ የት እናገኘው ነበር?» አለች።