ቁጥር መቶ አርባ ሦስት

ከካርድ ክፍሉ ፊት፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
ቆሜ እጽፋለሁ፣ እንደ ጥናቱ ሕግ፤
ታካሚው ስንት ሰዓት ከበር እንደ መጣ፣
መድኃኒቱን ይዞ ስንት ላይ እንደ ወጣ።
ማየት ነው ሥራዬ።
መርዳት አይፈቀድም፤ «መርዳት ያዛባል» አሉ፣
ስልጠና ላይ ሲነግሩን፣ ሦስት ቀን ሙሉ።

ሰኞ፣ ከሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ፣
ከባጃጅ ወረደች፣ ነጠላዋን ታጥቃ፤
ስም አይጻፍም እንጂ፣ ነግራኝ ነበር ስሟን፤
ዳንጊሴ፣ ከጎርቼ፣ ደግፋ ልጇን።
እግሯ ጫማ እምቢ ብሎ፣ ጫማዋ በእናቷ እጅ፣
«ራሴን!» ትላለች፣ ሆዷ የገፋ ልጅ።

«ፋይሉ እስኪገኝ ቁጭ በሉ» አለ የመስኮቱ ሰው፤
ክፋት የለበትም፤ ብቻውን ነው፣ ወረፋው ብዙ ነው።
ሦስት ሰዓት ሆነ። ጻፍኩ።
ሦስት ተኩል ሆነ። ጻፍኩ።

ክንፉን ወደ ኋላ፣ እንደ ጡረተኛ እንግዳ፣
ግቢውን ይዞራል፣ ከሐይቁ የመጣ አባ ኮዳ፤
ያያል፣ አይናገርም። እኔም እንደዚያው ነኝ።
«ልጄ፣ የምትጽፈው ምንድን ነው? እስቲ ንገረኝ፤»
አለችኝ ዳንጊሴ። «የቆያችሁትን ሰዓት ነው።»
«እሱንማ እኔም አውቃለሁ፤ ለማን ልትነግረው?»

ልጅቱ ዓይኗን ከድና፣ «መብራቱን አጥፉት» አለች፤
መብራት አልነበረም፣
የሐዋሳ ፀሐይ ነበረች።

እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ።
ሦስት ሳምንት አይቻለሁ፣ ፋይል የት እንደሚቀር፤
እርግዝና ክትትል ክፍል፣ ከበሩ ጀርባ፣ ካርቶን ውስጥ ነበር።
ሲስተር ሽታዬ የደም ግፊቷን ለክታ፣
አልጋውን ገፋችው፣ በሩጫ፣ በዝምታ።

ማታ ለአስተባባሪው እውነቱን ነገርኩት፤
«ጣልቃ ገብተሃላ!» አለኝ። «አዎ፣ ገባሁበት።»
«መቶ አርባ ሦስት ከናሙናው ይሰረዝ» አለና፣
ቀይ መስመር አሰመረ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ቀና።

በዓመቱ ሪፖርቱ ወጣ። ካርቶኑ ምዕራፍ አራት ላይ ተጠቅሷል፤
ፋይል የሚመልስ አንድ ልጅ ተቀጥሯል፤
አማካይ የመጠበቂያው ጊዜ በሃምሳ ደቂቃ ቀንሷል።
ጥሩ ጥናት ነው። ይህን አልክድም።
በሰንጠረዡ ውስጥ ግን እሷ የለችም፤
ከዚያ በር ወዲያ ምን እንደሆነች፣ ቅጹ አይጠይቅም።

ጫማዋ ያን ቀን ከአግዳሚው ሥር ቀርቶ ነበር፤
ለዘበኛው ሰጠሁት፣ ከጠረጴዛው ሥር እንዲያኖር።
ሐሙስ ዕለት ብጠይቅ፣ ጫማው የለም፤
ማን እንደ ወሰደው፣ በስንት ሰዓት፣
አልተመዘገበም።