የገመዱ ውጥረት

በፑንታ አሬናስ፣ በምድር ጭራ ላይ፣
ነፋስ ሰው ይጥላል በጠራራ ፀሐይ።
ማዘጋጃ ቤቱ በየመንገዱ ዳር ገመድ ይወጥራል፤
ሽማግሌም ልጅም እሱን ጨብጦ ያልፋል።
እኔ ከአራተኛ ፎቅ፣ መስኮቴን ዘግቼ፣
ቅጽ እሞላለሁ ምሳዬን ረስቼ።

«የመማር ማስተማር ማሻሻያ ፕሮጀክት»፤
ዓላማው፣ አመልካቹ፣ የወጪው ግምት፣
ሁሉም ልኩን ያወቀ ጠባብ ሣጥን አለው፤
የመጀመሪያው ሣጥን፦ «ችግሩ ምንድን ነው?»
ጻፍሁ፦ «ተማሪዎቹ መሠረት የላቸውም።»
ጥሩ ዐረፍተ ነገር፤ ማንም አይቃወምም።
ዲኑ ይወደዋል፣ ገንዘብ ሰጪው ያምናል፤
ጥፋት ከሌላ ደጅ ሲያድር እንቅልፍ ይወስዳል።

አምና በፊዚክስ አንድ መቶ አርባ ልጅ ነበር፤
ሰማንያው ወደቀ በሐምሌው ቁር።
ያን ሁሉ ጎዳና ሲያልፍ ነፋስ ያልጣለውን
እኛ ጣልነው፣ በር ዘግተን፣ ማሞቂያ ለኩሰን።
ከመስኮቴ ማዶ ወሽመጡ ይናወጣል፣ ማጌላን የሚሉት፤
የኔን ወሽመጥ ግን ያን ቀን ነው የቆረጡት።

ዶን ኤላዲዮ ቅጹን አየና ሳቀ፣
በሠላሳ ዓመት ጠመኔ ድምፁ የደቀቀ።
«ኢስሜኒያ» አለኝ፣ «ከመጻፍሽ በፊት
ወደ ኋላው ረድፍ ሂጂ፤ አንድ ቀን ተቀመጪበት።»

ሄድሁ። የራሴ አዳራሽ፤ ሌላ ሰው ያስተምራል።
ከኋላ፣ ከዓምዱ ጥግ። ማሞቂያው ያጉረመርማል።
ግማሹን ሰሌዳ ዓምዱ ውጦታል።
አጠገቤ ያለች ልጅ የምትገለብጠው
እኩልታ ግራ የለው፤ መነሻው «እኩል ነው»።
ከምን ጋር እኩል ነው?
ዓምዱ ብቻ ያውቃል።
«ለምን አትጠይቂም?» አልኋት በሹክሹክታ።
«ሌላው ሁሉ ገብቶት ቢሆንስ?» አለች ትንሽ ቆይታ።
ዘወር ብዬ አየሁ፦ ረድፉ በሙሉ
ያንኑ ፈርቶ ነው፤ አንገት ደፍተው ሁሉ።
ሰባት ዓመት ከፊት ቆሜ፣ እጄን እያወናጨፍሁ፣
ይህን የሚያህል ዓምድ አንድ ቀን አላየሁ።

ስወጣ ነፋሱ ብሶ ጠበቀኝ፤
ገመዱን ያዝሁት፤ ገመዱም ያዘኝ።
ከፊቴ ናዌል ኦያርሶ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣
ፊዚክስ ሁለቴ የጣለው፣
ለዚያችው ልጅ በነፋስ ላይ ይጮኻል፦
«ጨብጪው! መዳፍሽን የሚቆረቁርሽ፣
ውጥረት ማለት ይኸ ነው!
ስትስቢው ይስብሻል። አንድ ጫፍ ብቻ ያለው
ገመድ የት ይገኛል?»

ወደ ቅጹ ተመለስሁ። «መሠረት» የሚለውን ሰረዝሁ።
«ዓምድ አለ፤ እኔ አላየሁትም» ብዬ ተካሁ።
በየሃያ ደቂቃው ዝም እላለሁ፤
ጎረቤት ለጎረቤቱ ይንገር የገባውን፤
ያልገባው ይጻፍ፣ ስም በሌለው ወረቀት፣
በብስኩት ቆርቆሮ ይጣለው።
ናዌል ኦያርሶ፦ አስረጂ፤ ደመወዝ ይቆረጥለት።
ቁሳቁስ፦ ሠላሳ ሜትር ገመድ።

ከሒሳብ ክፍል ተደወለ፤ ወይዘሮ ፍሬሲያ ናት።
«ገመድ ለዩኒቨርሲቲ? ስሕተት ይሆን የገባበት?»
አይደለም፣ አልኋት።
«የስኬት አመልካቹስ? ባዶ ትተሽዋል።»
አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፤ ሌላውን ማን እንደሚይዘው ገና አላውቅም፣ አልኋት።
ዝም አለች። በስልኳም ነፋስ ይሰማል።

ቅጹ እስካሁን አልተመለሰም።
ዓምዱም እዚያው ነው፤ ዓምድ አይነቀልም።
ማክሰኞ ግን ወንበሮቹን አዞርን።
ያቺ ልጅ እጇን አነሣች፣ እስከ ጆሮዋ፤
ከዚያ ጸጉሯን የምታስተካክል መስላ
መለሰችው።
ጠመኔውን አስቀምጬ
ጠበቅሁ።